ጠዋት ጠዋት እምቢ የምትል መኪና

ያገለገለች መኪና በገዛሁ በሁለተኛው ወር ነው ችግሩ የጀመረው። ጠዋት ቁልፉን አዞራለሁ፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ሦስት አራት ጊዜ ስሞክር እየተንገዳገደች ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም የለባትም። አጥፍቼ ወዲያው ባስነሳት ሳታንገራግር ነው እሺ የምትለው።

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ፤ ለሁለት ቀን የተሻላት መሰለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነች። ከዚያ አንድ መካኒክ ሞተሪኖው፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያሽከረክረው ዕቃ፣ ነው መቀየር ያለበት አለኝ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሞተሪኖ ከደከመ ሞተሩን አሽከርክሮ ማዞር ያቅተዋል፤ የእኔ ሞተር ግን በደንብ እየዞረ ነው የማይነሳው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ይህን ቀድሜ ባስተውል ኖሮ ደህናውን ባትሪ ባልጣልኩት ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን ስሙት። ቁልፉን ስታዞሩ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ጉልበት ማነስ ነው፣ ወይም የባትሪው ካቦ በደንብ አልያዘም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ ጠቅታ ተሰምቶ ዝም ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ ግን ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ፊውዙን እዩ፣ መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ኤን (ነፃ) አድርጋችሁ ሞክሩ።

ባትሪን በግምት አትፍረዱበት። ቮልት የሚለካ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። መኪናዋ ሳትነሳ ካደረች በኋላ ለኩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፣ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ አልቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እናንተ መልቲሜትሩን እዩ። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ጉልበት የለውም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.7 ካላሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በአግባቡ እየሠራ አይደለም፣ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ተመልሶ ይሞታል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ቀስ እያለ የሚዞር ከሆነስ? ካቦዎቹን እዩ። ጫፋቸው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ ነቅላችሁ አጽዱት፤ ስትነቅሉ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ስትመልሱ መጨረሻ ላይ ኔጋቲቩን። ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን የኔጋቲቭ ሽቦ፣ ማሳውንም አትርሱት። ያገለገለ መኪና ላይ እሱ ላልቶ ወይም ዝጎ ብዙ ሰው ያንገላታል።

አሁን ወደ እኔ ችግር ልመለስ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ወይ ቤንዚን ነው ወይ እሳት፣ ማለትም የካንዴላው ብልጭታ። ያን ጊዜ ትልቁ ጥያቄ «መቼ ነው የሚያስቸግረው?» የሚለው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ እምቢ ካለና ቀዝቅዞ ከተነሳ፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክሻፍት ሴንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ላይ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ዕቃ ነው። ሲቀዘቅዝ ብቻ ካስቸገረ ደግሞ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ሞተሩ ሞቋል እያለ ኮምፒውተሩን እያሳሳተው፣ ቤንዚን አንሶ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ ከሆነች የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትሹ።

የእኔዋ የምታስቸግረው ስታድር ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ሳላዞር የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ድረስ ብቻ ከፈትኩት። ከኋላ ወንበር ሥር የቤንዚን ፓምፑ ለሁለት ሴኮንድ ያህል እዝዝ ብሎ ቆመ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ እንዲህ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩና አስነሳኋት። ወዲያው ተነሳች! በማግስቱም እንዲሁ። በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ምክንያቱም ይህ ምልክት ነው። ሌሊት የቤንዚኑ ግፊት እየፈሰሰ ያልቃል፣ ጠዋት ፓምፑ መስመሩን እንደገና እስኪሞላ ሞተሩ በከንቱ ይዞራል።

ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሁለት በኩል ነው፦ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለው መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ አርጅቶ ቤንዚኑ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ወይ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ወደ ሲሊንደር ያንጠባጥባል። ኢንጀክተር ቢሆን ስትነሳ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይኖራት ነበር፣ ካንዴላው ሲፈታም ርሶ ይገኝ ነበር። የእኔ ካንዴላዎች ደረቅ ነበሩ። ሌላ መካኒክ ጋ ሄጄ የግፊት መለኪያ አስገጠምኩ፤ ሞተሩ በጠፋ በጥቂት ደቂቃ መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ። ፓምፑ ተቀየረ፣ ቫልቩ ከፓምፑ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። የቤንዚን መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ፣ ግፊቱንም መጀመሪያ ያስተንፍስ። ለዚህ ሥራ የለመደ ሰው ፈልጉ፣ እኔም በራሴ አልነካሁትም።

ያገለገለች መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን «እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አኑሩ። ከሞቀ ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ። እኔ ስገዛት ኮፈኗ ሞቅ ያለ ነበር።