የሌሊቱ 9 ሰዓት ስህተት እና በራሴ ላይ የዘጋሁት ሰርቨር

አራት ኪሎ አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። የሽያጭ መመዝገቢያው ያለው ጀርመን አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ሰርቨሩን ፒያሳ ካለው ቢሮዬ ሆኜ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ለሦስት ሳምንታት ያህል በየሌሊቱ ከ9 ሰዓት በኋላ ሲስተሙ ሽያጭ አልመዘግብም ይል ነበር፤ ጠዋት ገብቼ ሳየው ግን ምንም የጎደለው ነገር አይታይም። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

የተለመደውን ሁሉ አደረግሁ። ማሻሻያዎችን ጫንሁ፣ ሜሞሪውን አየሁ፣ ዲስኩንም መረመርሁ፤ ከ40 ጊጋባይት ውስጥ 26ቱ ተይዞ 14ቱ ነጻ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የቦታ አይደለም ብዬ ደመደምሁ። ይህን የደመደምሁት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ባየሁት ቁጥር ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዲስኩ ምን እንደሚመስል አላየሁም።

ቀጥዬ ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትሁ፤ ጥፋቴም ከዚህ ይጀምራል። የሌሊት 9 ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር 3 ሰዓት ነውና 3፡00 ላይ የተጻፈውን ፈለግሁ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ (የዓለም አገሮች ሰዓት በሚለካበት የጋራ ሰዓት) መሆኑን፣ ዩቲሲም ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ መሆኑን እያወቅሁ ዘነጋሁት። ማየት የነበረብኝ 00፡00 ላይ ያለውን ነበር። 3፡00 ላይ ያገኘሁት በማለዳ 12 ሰዓት የሆነውን ነው፤ እሱም ከማላውቃቸው አድራሻዎች የመጡ፣ የይለፍ ቃል እየገመቱ ለመግባት የሚሞክሩ ጥያቄዎች ክምር ነበር። እንዲህ ያለው ሙከራ ኢንተርኔት ላይ ባለ ሰርቨር ሁሉ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ ነው። እኔ ግን ጥቃት ደረሰብን ብዬ ደነገጥሁ።

በድንጋጤዬም ብዙ መመሪያዎች የሚመክሩትን አደረግሁ፤ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በማዝበት መስመር) መግባት የሚቻለው ከቢሮዬ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ብቻ እንዲሆን ፋየርዎሉን፣ ማለትም ማን እንደሚገባ የሚወስነውን አጥር አጠበቅሁት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ራውተራችን ሌላ አድራሻ ይዞ ተነሣ፤ ሰርቨሩም እኔኑ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ዘጋብኝ። በድረ ገጽ የሚከፈተው የአከራዩ ኮንሶል (ፋየርዎሉን ሳይነካ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ መስኮት) ነበረ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የምገባው በይለፍ ቃል ፋንታ በሚያገለግል ቁልፍ ፋይል ስለነበር ኮንሶሉ የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል ጨርሶ አላዘጋጀሁም።

ለአከራዩ የድጋፍ ክፍል ጻፍሁ። መጀመሪያ «ሪስታርት አድርጉት» አሉኝ፤ ሪስታርት ፋየርዎል አይከፍትም። ቀጥለው ማንነቴን እንዳረጋግጥ ክፍያ የሚፈጸምበትን ካርድ የመጨረሻ ቁጥሮች ጠየቁኝ። ካርዱ ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ንብረት ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ እዚህ እንደ ልብ አይገኝምና ብዙዎቻችን የምንከፍለው እንዲሁ ነው። እሱ ከሥራ እስኪወጣ ሙሉ ቀን ጠበቅሁ። በመጨረሻ የመጣው ምክር ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ ጫን የሚል ነበር። ያንን ባደርግ የመድኃኒት ቤቱ መዝገብ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ አንድም ማስጠንቀቂያ አለመጻፋቸው ዛሬም ያናድደኛል። መውጫውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ሰርቨሩን በነፍስ አድን ሁነታ፣ ማለትም ከራሱ ዲስክ ሳይሆን አከራዩ ለጥገና ከሚሰጠው ጊዜያዊ ስርዓት አስነሥቼ፣ ዲስኩን ከዚያ ከፍቼ፣ የፋየርዎሉን ደንብ አረምሁ። ይህ ሲሆን ግን ለሁለት ሰዓት ያህል መድኃኒት ቤቱ ያለ ሲስተም ቆይቷል።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። የሌሊት ተረኛዋ ፋርማሲስት በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። ሲስተም ሲጠፋ ሽያጩን የሚጽፉበትን ደብተር አወጡልኝ፤ በቀኝ ኅዳጉ ላይ በየሌሊቱ ያቆመበትና የተመለሰበት ሰዓት ሰፍሯል፦ 9፡04 እስከ 9፡20፣ 9፡05 እስከ 9፡21፣ 9፡04 እስከ 9፡21። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጽፈው ነበር፤ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ያን ገጽ ይዤ 00፡04 ላይ ሎጉን ስከፍት ስህተት 28 ተደርድሮ ጠበቀኝ፤ ትርጉሙም ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ማለት ነው።

ምክንያቱ እኔው የጻፍሁት የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ትእዛዝ ነበር። በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ላይ 18 ጊጋባይት የደረሱትን የመድኃኒት ማዘዣ ፎቶዎች ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሎ እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ፎቶ ደግሞ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ሲጠቀለል አያንስም። ነጻው ቦታ 14 ጊጋባይት ነው፤ ይሞላል፣ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል፣ ትእዛዙም ሳይሳካለት ሲቀር የጀመረውን ፋይል አጥፍቶ ይወጣል። ጠዋት የማየው 14 ጊጋባይት ይህ ነው። ፎቶዎቹ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቷል። ከዚህም የከፋው፣ በእነዚያ ሳምንታት አንድም የተሟላ ባክአፕ አልነበረንም።

አሁን ባክአፑ ዲስኩ ላይ ሳያርፍ በቀጥታ ወደ ሌላ ማሽን ይተላለፋል፤ የዲስኩም ነጻ ቦታ በየደቂቃው ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ፋየርዎል ስነካ ለውጡን ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድሜ እቀጥራለሁ፤ በሌላ መስኮት እንደ አዲስ መግባቴን ሳላረጋግጥም ያንን ትእዛዝ አልሰርዝም። አድራሻው በሚቀያየር መስመር ላይ ላለ ሰው በአንድ አይፒ ብቻ መገደብን አልመክርም፤ በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ ቁልፍ ፋይል ብቻ መጠቀም ይሻለዋል፣ ለኮንሶሉም የይለፍ ቃል ያዘጋጅ።

ሰርቨርን በዩቲሲ ተዉት የሚለውንም መመሪያ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልቀበለውም። ዋናው ምክንያቱ በየወቅቱ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርጉ አገሮች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሰዓት አይቀየርም። ተጠቃሚዎቹ ሁሉ እዚህ ስለሆኑ ሰርቨሩን በአዲስ አበባ ሰዓት አድርጌዋለሁ፤ ከደብተሩ ጋር የሚለያየው አሁን በ6 ሰዓት ብቻ ነው። ደብተሩንም በየሳምንቱ ዓርብ ሄጄ አየዋለሁ።