ፖስታዎቹ በኪሎ ተሸጡ

አዳማ ውስጥ፣ አንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል መጋዘኑ ይጽዳ ተባለ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ለዓመታት የተከማቸው ዕቃ ግማሹ በስብሷል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ብረቱ ለጨረታ፣ ወረቀቱ ለቆራሌ።

ከአሮጌ ራዲያተሮች ጀርባ ሁለት የጣውላ ሣጥን አገኘሁ። ስከፍታቸው የኮምጣጤ ሽታ ሰነፈጠኝ። በቡናማ ፖስታ በፖስታ የተደረገ ፎቶና ኔጌቲቭ ነው። ከፊሉ ጣሊያን አገር ካለው ፋብሪካ የተላከ፣ ኦኤም የሚባሉት የጣሊያን የጭነት መኪኖች አዳዲሶቹ የተደረደሩበት። ከፊሉ እዚሁ የተነሳ፣ ከተማው ናዝሬት በሚባልበት ዘመን፤ ሹፌሮቹ አንድ እግራቸውን ፓራውልት ላይ ሰቅለው፣ መኪናውን እንደ ሙሽራ አቅፈው።

መጣል አላስቻለኝም። ፖስታዎቹን ግን ሻጋታ ወርሷቸዋል፤ ስነካቸው ያስነጥሱኛል። ፎቶዎቹን እያወጣሁ ንጹሕ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፣ ፖስታውን ለቆራሌው። መዘነ፣ ከፈለ፣ ሄደ። በብሩ ቡና ጠጣንበት። ያን ቀን ራሴን ጎበዝ ሠራተኛ አድርጌው ነበር።

ኦኤም ስትሉት ዛሬ ዞር የሚለው ወይ ሽማግሌ ሹፌር ነው፣ ወይ መካኒክ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ሚላኖ ተመሠረተ፤ መኪና የሠራው ግን ብሬሻ ነው። በ1927 የመጀመሪያው የሚሌ ሚልያ ውድድር፣ ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የእሱ መኪኖች ነበሩ። በ1933 ፊያት ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ በጭነት መኪናው ታወቀ። በ1975 ኢቬኮ የሚባለው የጭነት መኪና አምራች ሲቋቋም እዚያ ውስጥ ገባና ስሙ ቀስ በቀስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1950 ካወጣቸው መኪኖች አንዷ "ሊዮንቺኖ" ትባላለች፣ ትንሿ አንበሳ እንደማለት።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ብዙዎቹ ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በጥፍሬ ልላጥ ሞከርኩ። አንዱ ቀጭ ብሎ ተለያየ፤ የሹፌሩ ፊት ግን ተነስቶ ከላዩ የነበረው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ። ደንግጬ ሁሉንም ይዤ ፎቶ ቤት ሮጥኩ።

ባለ ፎቶ ቤቱ በድሮው ጊዜ በእጁ ያጥብ የነበረ ሰው ነው። "ማነው ላጥ ያለህ?" አለኝ። የተጣበቁትን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተታቸው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ራሱ ይለቃል፤ ሙቅ ውሃ ከሆነ ግን ይቀልጣል። የሻገቱትን ውሃ አላስነካቸውም። ሻጋታ ጄላቲኑን በልቶት ስለሚሆን ምስሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ አድርቆ በለስላሳ ብሩሽ ጠረጋቸው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸቱትን ኔጌቲቮች ለብቻ አስቀመጠ። ፊልሙ ራሱ ሲበላሽ አሲድ ያወጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይጠፋል። እኔ የአዳማን ፀሐይ አስቤ ነበር። "ጥላ ላይ፣ ወንፊት ላይ፣ ፊታቸው ወደ ላይ" አለኝ። ፀሐይ እንደ ቅጠል ትጠቀልላቸዋለች።

ኔጌቲቮቹን ስካነሩ ላይ እየደረደርኩ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አትሜ ለአንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄ መቼ የተነሳ ነው?"

"እርስዎ ይነግሩኛል ብዬ ነው እንጂ ጋሼ።"

"ታርጋውን አንብብልኝ እስቲ።"

ተገልብጧል። ኔጌቲቩን ጀርባውን ወደ ፊት አድርጌ ነው ያነሳሁት። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ እኔ ተመልሼ ሁሉንም እንደገና አነሳሁ። ድካሙ ግን አልከፋም። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። የተስተካከለው ፎቶ ላይ መኪኖቹ ግራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። "ከሃምሳ ስድስት በፊት!" አሉ ጋሼ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። የተገለበጠውን አምኜ ቢሆን ኖሮ ዘመኑን አሳስተን ነበር።

አንዷን ትንሽ መኪና ሲያዩ ፈገግ አሉ። "ሎንቺና የምትሉት ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከዚች ከሊዮንቺኖ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ስለ ሰዎቹ ጠየቅኳቸው።

"ጀርባው ላይ አልተጻፈም?"

"ፖስታው ላይ ነበር መሰለኝ።"

"ፖስታውስ የታል?"

ምን ልበላቸው? ስንቱ ላይ ስም፣ ስንቱ ላይ ቀን እንደነበረ እንኳ አላየሁም። ቆራሌውን ፈልጌው ነበር፤ ወረቀቱን በነጋታው አስረክቧል። ጋሼ መኪኖቹን ሁሉ ለዩልኝ፤ ከሹፌሮቹ ሦስቱን። ፊቱ የተላጠው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ረዘም አድርገው አዩት።

"አቋቋሙን የማውቀው ይመስለኛል" አሉ። "ፊቱ ቢኖር እነግርህ ነበር።"

እሱ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት የታርጋ ቁጥሩን ብቻ ነው።