ዛሬ ቅሬ ወጥቼ ነበር

ጠዋት ተደወለልኝና ከደሴ ወደ አምባሰል ሄድኩ፤ ለቀብር። የሞቱት ጎረቤታችን ናቸው፣ በልጅነቴ የማሽላ እሸት ጠብሰው ያበሉኝ እናት።

እኛ ጋ ዕድሩን ቅሬ ነው የምንለው። ቅሬ ሲጠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ መቃብር የሚቆፍሩት ጎረምሶቹ ነበሩ፤ እኛ ውሃ እናቀብላለን። ዛሬ አካፋ የያዙት ሽበታሞች ናቸው። አንዱ አባት ትንፋሽ አጠራቸውና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አካፋውን ተቀበልኳቸው። እጄ ወዲያው ውሃ ቋጠረ።

ወጣቱ የለም። ከፊሉ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ፣ ከፊሉ አዲስ አበባ። አልፈርድባቸውም። መሬቱ ለወንድማማች ሲከፋፈል ሲከፋፈል በሬ ማዞሪያ እንኳ አልቀረውም። እኔስ ወጥቼ የለ?

በ1977ቱ ረሃብ ስንቱ ከወሎ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ቅሬውን ያቆዩልን ያኔ የቀሩት ናቸው። አሁን እነሱም እያለቁ ነው።

ቡና ላይ እኚያው አባት «ልጄ፣ እኛንስ ማን ይቀብረናል?» አሉኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ስልኬን መዘገብኩላቸው። «ቅሬ ሲጠራ ያስደውሉልኝ አባባ፣ ሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ» አልኳቸው።