ሶምሶማ፣ ዛብ እና የጀርመን ጄኔራሎች፦ የዚህ ወር የግልቢያ ማስታወሻ

ባለፈው ስለ ጫማና ስለ ራስ ቁር ጽፌ ነበር። የዚህ ወሩ ግማሹ ግልቢያ ግማሹ ታሪክ ስለሆነ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

መጀመሪያ የት እንደደረስኩ። አሁን የምታገለው ከኮርቻ ሳይነሱ ሶምሶማ መሄድ ላይ ነው። አሰልጣኛችን እርካቡን አውልቃ፣ ዛቡን አስጥላ፣ ፈረሷን በረጅም ገመድ ይዛ ክብ እያዞረች ታሠራኛለች። ፈረሷ ጀርባ ሰፊ ዳማ ናት፤ ጠባይዋ ግሩም ነው፣ ሶምሶማዋ ግን አንጀት ያላቅቃል። ጉልበት ሲጨብጥ ወገብ ይደርቃል፣ ወገብ ሲደርቅ መንጠር ነው። ለውጥ ያመጣልኝ ነገር ቢነገር ያስቃል፦ ጮክ ብዬ ማውራት። የሚያወራ ሰው ትንፋሹን አምቆ መያዝ አይችልም፤ ትንፋሽ ሲለቀቅ ዳሌም አብሮ ይለቀቃል። እኔ የአማርኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ እደረድራለሁ፤ አሰልጣኟም ለምዳዋለች።

ይሄ ልምምድ ከየት እንደመጣ ስከታተል ነው ወደ ታሪኩ የገባሁት። የጀርመን ጦር የግልቢያ መመሪያ በ1912 ወጥቶ በ1926 እና በ1937 ታድሷል፤ ዛሬ በጀርመን ክለቦች የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ እሱ ነው። እኔ ሃኖቨር አጠገብ ነው የምኖረው፤ የጦሩ ትልቁ የፈረሰኛ ትምህርት ቤትም ፖትስዳም አጠገብ ወደሚገኘው ክራምፕኒትስ እስኪዛወር ድረስ እዚሁ ነበር። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ለመዝናናት የምማረውን እነዚያ መኮንኖች የተማሩት ለሥራቸው ነው።

ለሥራ ብቻ ግን አልነበረም። ፈረስ የመኮንኑ ስፖርት፣ ማዕረጉ፣ የዘር መታወቂያውም ጭምር ነበር። በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ በፈረስ ውድድር የተዘጋጁትን ስድስቱንም ወርቆች ጀርመን ጠራርጋ ስትወስድ ፈረሰኞቿ መኮንኖች ነበሩ። ከነሱ መሃል ኮንራድ ፎን ቫንገንሃይም ሜዳ ላይ ከፈረሱ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ተነስቶ ጨረሰ። በማግስቱ የዝላዩ ውድድር ላይ ፈረሱ ከነ እሱ ወደቀ፤ አሁንም ተነስቶ ጨረሰ። እሱ ቢያቋርጥ ቡድኑ ወርቁን ያጣ ነበር። በ1953 በሶቪየት ምርኮ ውስጥ እንዳለ ሞተ።

ሲመሽ ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ ግን የሌላው ባለ ወርቅ፣ የሃይንትስ ብራንት ታሪክ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ አልኪሚስት በሚባል ፈረስ በቡድን ዝላይ አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ ጠቅላይ እዝ መኮንን ሆነ። በማርች 1943 ሂትለርን ለመግደል ያሴሩት እነ ትሬስኮቭ የሚባሉ መኮንኖች ሁለት የኮዋንትሮ (የፈረንሳይ የብርቱካን አረቄ) ጠርሙስ የሚመስል ፈንጂ ጠቅልለው፣ ይቺን መጠጥ ለአንድ ወዳጃችን አድርስልን ብለው ሰጡት። ብራንት ምንም ሳያውቅ ከሂትለር ጋር በአንድ አውሮፕላን ይዞት በረረ፤ ፈንጂው ሳይፈነዳ ቀረ። ጁላይ 20 ቀን 1944 ደግሞ ሌላው ሴረኛ መኮንን ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ ሂትለር ባለበት ስብሰባ ላይ ፈንጂ ያለበትን ቦርሳውን ካርታው ጠረጴዛ ሥር አኑሮ ሲወጣ፣ ብራንት እግሩን የያዘችውን ቦርሳ ወደ ጠረጴዛው ወፍራም እግር ማዶ ገፋ እንዳደረጋት ይነገራል። ሂትለር ተረፈ፤ ብራንት በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሽታውፈንበርግም እኮ ፈረሰኛ ነው! በ1926 ባምበርግ ከሚገኘው 17ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት የገባ፣ ለፈረስ ጥበብ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው። በኋላ በአርደን ውጊያ የታንክ ጦር የመራው ጄኔራል ማንቶይፈልም ከዚያው ሬጅመንት ነው።

ካናሪስን ደግሞ ተመልከቱ። የባሕር ኃይል አድሚራል፣ የጦሩ የስለላ ሹም፤ ግን በርሊን ቲርጋርተን ውስጥ ማለዳ ማለዳ ይጋልብ ነበር፣ አብሮትም የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት) የስለላ ሰው ሼለንበርግ። ሁለት ተቀናቃኝ ሰላዮች ጎን ለጎን በፈረስ! ከቢሮ ውጭ፣ ጆሮ የሚጥል ጸሐፊ በሌለበት ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም መቼም። ከከሸፈው የግድያ ሙከራ ሦስት ቀን በኋላ ካናሪስን ቤቱ ድረስ መጥቶ ያሰረው ይኸው ሼለንበርግ ነው።

አንዳንድ ጀማሪ ጓደኞቼ የፈረስ ፍቅር ሰውን ያለሰልሳል ይላሉ። ይሄ እንደማይሠራ ለማሳየት ሄርማን ፌገላይን ይበቃል። ሙኒክ የኤስኤስን ዋና የግልቢያ ትምህርት ቤት የመራ፣ በውድድር የታወቀ ጋላቢ ነው። በ1941 በጋ የእሱ የኤስኤስ ፈረሰኞች ዛሬ በቤላሩስና በዩክሬን ባለው የፕሪፔት ረግረግ ከ10,000 በላይ አይሁዶችን ፈጁ። የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ችሎት በ1946 ኤስኤስን ወንጀለኛ ድርጅት ብሎ ሲፈርድ የኤስኤስን የግልቢያ ክፍሎች ለይቶ ከፍርዱ አስቀርቷል፤ ከእነዚያ የግልቢያ ክፍሎች ተመልምለው ወደ ፌገላይን ጦር የገቡ መኖራቸውን ሳስብ ያቺ ነጻ መውጣት አትዋጥልኝም።

ሌላም ነገር አለ። ጄኔራሎቹ ለደስታቸው ሲጋልቡ ተራው ሠራዊት በፈረስ ይኖር ነበር። ዓለም ታንኩን ቢያስታውስም፣ በ1941 ሶቪየትን ሲወር ይዞት የገባው ፈረስ ከ600,000 በላይ ነው፤ መድፍና ስንቅ ጎታች። ጭቃና ብርድ የፈጀው ለቁጥር ይታክታል። አንድ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ታንክ ሲዛወር የፈረሰኛውን ቢጫ ምልክት ከልብሱ አላወረደም፤ ይሄ ኩራት ሁሌም ይገርመኛል።

ወደ ራሴ ልመለስና፣ በሚቀጥለው ወር እርካቡ ይመለስልኛል፤ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ መሸጋገሩን እንሞክራለን ተብያለሁ። ግራ እግሬ ከቀኙ ይልቅ ስለሚደርቅ የዳሌ ማላላት መልመጃ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የሚሆን።