ያልወረደችው 900 ግራም

ለቦክስ ግጥሚያ ሚዛን ልወጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ ላቤ ቆመ። ሳውና ውስጥ ነኝ። የላስቲክ ቱታ ለብሻለሁ፣ ከላዩ ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ሙቀቱ ይፈጃል፣ ቆዳዬ ግን ደረቅ ነው። ክንዴን በመዳፌ ጠረግኩት፤ አንዲት ጠብታ የለችም። አሰልጣኜ በሩን ከፍተው አዩኝና "በቃ፣ ውጣ" አሉኝ። "ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ" አልኳቸው። ምላሴ ላንቃዬ ላይ እየተጣበቀ ነበር። አልመለሱልኝም። ብብቴን ይዘው አነሱኝ።

ያኔ የምጋጠመው በ61.2 ኪሎ ነበር። ቀላል ክብደት የሚባለው ምድብ። ፎጣ ከፊቴ ተይዞልኝ ራቁቴን ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። 62.1 አለ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠኝ፤ ከሰውነቴ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ተጋጣሚዬ ከክፍያዬ ተቆርጦ ሊሰጠው ተስማምቶ ግጥሚያው በማግስቱ ተካሄደ። እስከ አራተኛው ዙር ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እግሬ ከዳኝ። ቡጢው ሲመጣ ይታየኛል፣ ጭንቅላቴን ማንሳት ግን አልችልም። በሰባተኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን ለማስቆም እጁን አወዛወዘ።

እዚያ እንዴት ደረስኩ? በ22 ዓመቴ 61.2 መግባት ቀላል ነበር። በ27 ዓመቴ ግን ግጥሚያ በሌለኝ ጊዜ 71 ኪሎ እመዝናለሁ። ትከሻዬ ሰፍቷል፣ ጭኔ ወፍሯል። እኔ ደግሞ አሁንም የ22 ዓመት ልጅ የሆንኩ ያህል የመጨረሻውን አምስት ኪሎ በአምስት ቀን አወርድ ነበር።

የዚህ ነገር አሠራሩ እንዲህ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር በእያንዳንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይይዛል። እህልና ጣፋጭ ስታቆም ይሄ መጀመሪያ ይወርዳል። ጨው ስትቀንስ ሌላ ውሃ ይሄዳል። ከዚያ የቀረውን በላብ ታወጣዋለህ። ሚዛኑ ይወርዳል፣ ስብህ ግን እዚያው ነው። ያጎደልከው ውሃ ነው፤ የደምህ ውሃም አብሮ ይቀንሳል። ደም ሲያንስ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞተዋል። ሦስቱም ኪሎ እያወረዱ ነበር። ይህን ያነበብኩት ከሽንፈቴ በኋላ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር እሰማው ነበር ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሽንፈቱ ሁለት ሳምንት በኋላ አሰልጣኜ ጠሩኝ። "61.2 አብቅቷል" አሉ። ተናደድኩ። ደረጃዬ እዚያ ነው፣ የማውቃቸው ተጋጣሚዎች እዚያ ናቸው፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ተስፋዬም እዚያ ነው። እሳቸው ግን ስለ ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያው አነሱልኝ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የ50.8 ኪሎ ቀበቶውን ያጣው ሚዛን ላይ ነው። ኪሎ አልገባም፤ ከዚያ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። ወጥቶ በ55.3 ኪሎ መጋጠም ጀመረ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የዚያን ምድብ ቀበቶ ወሰደ፣ ኋላ በስምንት ምድቦች ሻምፒዮን ሆነ። "አንተ ፓኪያው አይደለህም" አሉኝ። "ግን እሱም ያኔ ፓኪያው አልነበረም።" ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። ጠዋት ደውዬ "እሺ" አልኳቸው።

ወደ 63.5 ኪሎ ምድብ ወጣሁ። ዝግጅቱን በ12 ሳምንት አደረግነው። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ አይበልጥም። ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ እመዘናለሁ፤ የአንድ ቀን ቁጥር አላይም፣ የሳምንቱን አማካይ ነው። ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎዬ ሁለት ግራም ያህል። የመጨረሻው ሳምንት ስገባ 65.8 ነበርኩ። የቀረችውን 2.3 ኪሎ ጨው በመቀነስና ቀላል ምግብ በመብላት አወረድኳት። ውሃ ያቆምኩት የመጨረሻዋን ማታ ብቻ ነው። ሳውና አልገባሁም። ከሚዛን ስወርድ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጣሁ፣ ካጎደልኩት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል። በአንዴ መገልበጥ ሆድ ከመንፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ከባዱ ግን የዝግጅቱ ጊዜ አልነበረም። ከግጥሚያ በኋላ ያለው ወር ነው። ያኔ ረሃቡ ይመጣል፣ የሚቆጣጠርህም የለም። አሁን ከ69 በላይ እንዳልወጣ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለአሰልጣኜ ራሴ ነገርኳቸው።

በ63.5 የመጀመሪያዬን ግጥሚያ በስምንት ዙር በነጥብ አሸነፍኩ። ልጁ ከእኔ ይረዝማል፣ ጃቡ፣ ማለትም በፊት እጁ የሚሰነዝረው ቀጥተኛ ቡጢ፣ ሲያርፍ ድሮ ከማውቀው ይከብዳል። በአራተኛው ዙር ቅንድቤን ከፈተው። በስድስተኛው ዙር ግን ከወንበሬ ስነሳ እግሬ አብሮኝ ተነሳ። ያንን ስሜት ሦስት ዓመት አልቀመስኩትም ነበር። ቡጢ አሳልፌ ጎኑ ላይ ስመታው ትንፋሹን ሰማሁት።

የወደፊቱን በተመለከተ ራሴን አላታልልም። ደረጃዬ ከዜሮ ጀምሯል። ግጥሚያ የሚያዘጋጅልኝ ፕሮሞተር ሁለት ሦስት ግጥሚያ ሳላሸንፍ ስለ ቀበቶ አያወራኝም፤ ልክ ነው። ቁመቴ 1.73 ሜትር ስለሆነ ከዚህ በላይ ያለው 66.7 ኪሎ የእኔ ምድብ አይመስለኝም። 28 ዓመቴ ነው። 63.5 ላይ አራት ጥሩ ዓመት ካገኘሁ ከምርጦቹ ጋር መቆም እንደምችል አምናለሁ።

ቀጣዩ ግጥሚያ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት 66.4 ነኝ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩና አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጠጥቼ ለሩጫ ወጣሁ።