ቆሞ መዋል ስንት ያወጣል?

ዛሬ እንዲሁ ሆድ ብሶኛል። ምን ሆንሽ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሰኔ ገብቶ ደጀን ጭጋግ ለብሳለች፤ ከበረሃው የሚወጡት መኪኖች ድምፃቸው እንጂ አካላቸው አይታይም። ሹፌሩ ባሌ ደግሞ ማዳበሪያ ሊጭን ጅቡቲ ወርዶ እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ማታ ደውሎ «ዛሬም አልደረሰንም» አለና በሙቀቱ ተማሮ ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጬ ያሰብኩት ናፍቆቱን አይደለም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ቆሞ ለዋለበት ማን ይከፍለዋል?» ነው ያልኩት።

ፊት ከነበረው ባለንብረት ጋር ደሞዙ በወር ነበር፤ መንገድ ሲወጣ ደግሞ አበል አለው። ደሞዟ ትንሽ ብትሆንም ወሩ ሲሞላ አትቀርም። መኪናው ጋራዥ ቢተኛም እኛ እንበላለን። ባለንብረቱ ግን «የት ደረስክ?» እያለ ሲደውል ነው የሚውለው፤ መኪናው በቆመ ቁጥር የሚከስረው እሱ ነዋ። አሁን የያዘው በምልልስ ነው። ጭኖ ሲመለስ ዳጎስ ያለ ብር ይቆጠርለታል፤ ካልጫነ ምንም። ስለዚህ የቆመበትን ለማካካስ መንገድ ሲለቀቅለት ሌሊቱንም ይነዳዋል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ትርፍ ሰዓት የሠራ ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ይታሰብለታል። ይህን ብነግረው ከት ብሎ ነው የሚስቅብኝ።

ጎረቤታችን የያዘው ደግሞ ሌላ ነው፦ ለባለመኪናው የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የራሱ። እሱማ ኩንታል ሲደራርብ ለጎማም አያዝን።

አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ በማይል ነው የሚታሰብለት። አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጎማ ሲዞር ገንዘብ ይቆጥራል፤ መጋዘን በር ላይ ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች የጽድቅ ናቸው አለኝ፤ ከዚያ በኋላም ካሳው እንደ ድርጅቱ ነው። መንዳት የሚፈቀድለት በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት ብቻ ሲሆን መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። ተራ ሲጠብቅ ያ 14 ሰዓት አይቆምለትም። በ1938 በነሱ አቆጣጠር የወጣው የትርፍ ሰዓት ሕግም አገር አቋራጭ ሹፌሮችን ዘሏቸዋል። እዚያም ቆሞ መዋል የሹፌሩ ዕዳ ነው ማለት ነው።

በማይል የሚለውን ነገር ዓባይ በረሃ ላይ አመጣሁት። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ እኛ ዘንድ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአፋር ሜዳ 40 ኪሎ ሜትር ምን አላት? እዚህ ግን ተሳቢ የጎተተ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎማው ጎን በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ሸርተት ሲል ልጁ ዘሎ ታኮዋን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኽበታል። በማይል ቢሆን ለዚያ ሁሉ የሜዳው ዋጋ ነው የሚከፈላቸው። ዳገት ለብቻው ይታሰብ የሚል ውል ሰምቶ የሚያውቅ አለ? ለረዳቱስ፣ በእግሩ ለሄደበት?

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ወደ ራሴ ዞረና እንቅልፌን አጠፋው። እኔስ ቆሜ መዋሌ አይደል? እስኪ ለኔ በምን ይታሰብ? በማይል እንዳይሆን መንገዴ ከጓዳ እስከ አጥር በር ነው። በምልልስ እንዳልል ሄዶ የሚመለሰው እሱ ነው። ከሚያገኘው ላይ በፐርሰንት ይታሰብልኝ የሚለውን ሳልጀምረው ተውኩት፤ የሚያመጣውን ሁሉ ተቀብዬ የምይዘው እኔ ሆኜ ሳለ ፐርሰንት ስል ቢሰማኝ ያችኑም መቁጠር ይጀምራል። የሚሻለኝ የወር ደሞዝ ነው፣ ከነአበሉ። ቀጣሪዬ ማን እንደሚሆን ነው እንጂ ያልገባኝ፤ እሱ ነው ወይስ ያ ባለንብረት?