ከሄሊኮፕተር ወደ አውሮፕላን፦ ማነቆው 50 ሰዓቱ ነው

አሜሪካ ውስጥ የኤፍኤኤ (የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ኮሜርሻል (በክፍያ ለመብረር የሚያስችል) የሄሊኮፕተር ፈቃድ ይዛችሁ አውሮፕላን ልትጨምሩበት ካሰባችሁ፣ የጽሑፍ ፈተናው አይደገምም። የሚቀረው ሥልጠና፣ የአስተማሪ ፊርማና ቼክራይድ (ከፈታኝ ጋር የሚደረግ የተግባር ፈተና) ነው። ሰዓቱ ላይ ግን ምሕረት የለም።

ለባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ጠቅላላ 250 ሰዓት ይፈለጋል፤ የሄሊኮፕተሩም ይቆጠራል። ችግሩ ከዚህ ውስጥ 50ው አውሮፕላን ላይ በፓይለት ኢን ኮማንድነት (በበረራው ኃላፊ አብራሪነት) የተመዘገበ መሆን አለበት። የአውሮፕላን ሬቲንግ (አውሮፕላን ማብረር እንደሚችል በፈቃዱ ላይ የሚጻፍ ማረጋገጫ) የሌለው አብራሪ ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንዲህ ብሎ የሚመዘግበው ብቻውን የበረረውን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የፕራይቬት (ያለ ክፍያ የሚበረርበት ደረጃ) አውሮፕላን ሬቲንግ መጨመር ይሻላል። አንድ ቼክራይድ በተጨማሪ ያስከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አስተማሪ አጠገባችሁ ተቀምጦ እናንተ መሪውን የያዛችሁበት ሰዓት ሁሉ ለ50ው ይገባል።

ሎግቡካችሁንም (የበረራ ሰዓት መዝገባችሁን) እንደገና ደምሩ። ለሄሊኮፕተር ሬቲንግ ከ25 ናቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ርቆ ማረፍ እንደ ክሮስ ካንትሪ (ወደ ሌላ ቦታ የሚደረግ በረራ) ያስቆጥራል፤ ለአውሮፕላን ከ50 በላይ ካልሆነ አይገባም። የሚፈለገው 50 የክሮስ ካንትሪ ሰዓት ነው፣ ቢያንስ 10ሩ በአውሮፕላን። ረጅሙ በረራ ጠቅላላ 300 ናቲካል ማይል ሆኖ ሦስት ቦታ ይታረፋል፤ አንዱ ከመነሻው በቀጥታ መስመር 250 መራቅ አለበት። ብቻችሁን ወይም ከአስተማሪ ጋር ነው የሚበረረው። ጓደኛ ከጫናችሁ አይቆጠርም።

በሌሊት የሚበረረው ለ5 ሰዓት ያህል ጊዜ ነው፤ ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ) በሚሠራበት ኤርፖርት 10 መነሳትና 10 ማረፍ ይጨምራል።

አሁን ወደ እጅና እግር። ሮቢንሰን አር44 ሄሊኮፕተር ላይ ኮሌክቲቭ (በግራ እጅ የሚያዘው ከፍ ዝቅ ማድረጊያ ማንሻ) ሲነሳ ግራ ፔዳል ይረገጣል፤ ሴስና 172 አውሮፕላን ላይ ትሮትል (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ) ሲገፋ የሚፈለገው ቀኝ እግር ነው። የለመደ እግር ይህን በአንድ ሳምንት አይረሳም፤ በመነሻ ሩጫ ላይ አፍንጫው ወደ ግራ ሲሸሽ ታዩታላችሁ። እጁም ተገላቢጦሽ ነው፦ ኮሌክቲቭ ሲሳብ ኃይል ይጨምራል፣ ትሮትል ሲሳብ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ወንበሩ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚዞር መሪው በግራ እጅ፣ ትሮትሉ በቀኝ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሽቅብ እየተወጣ ሞተር ሲጠፋ ነው። የሄሊኮፕተር እጅ ኮሌክቲቩን አውርዶ ሳይክሊኩን (በቀኝ እጅ የሚያዘውን መሪ) ወደ ኋላ ይስባል፤ አውሮፕላን ላይ ግን መሳብ ስቶል (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ማጣት) ያመጣል። አፍንጫውን ወዲያውኑ ዝቅ ማድረግ ነው።

ሞተሩ አይድል ላይ (በዝቅተኛው ኃይል) ሆኖ 180 ዲግሪ ዞሮ ማረፉም ብዙ ሰው ይጥላል። ከተመረጠው ነጥብ በፊት ማረፍ አይፈቀድም፣ ከነጥቡም 200 ጫማ ማለፍ አይቻልም። ኦቶሮቴሽን (ሄሊኮፕተር ያለ ሞተር ኃይል፣ በአየሩ በሚሽከረከረው ሮተር የሚወርድበት) ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ አውሮፕላን ግን ሩቅ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሄሊኮፕተር ሰው ቶሎ ይዞርና ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ነጥቡንም አልፎ ይንሳፈፋል።

የሄሊኮፕተር ኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በመሣሪያ ንባብ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው) ወደ አውሮፕላን አይሻገርም። የአውሮፕላኑን እስክታወጡ ድረስ በክፍያ ተሳፋሪ ይዛችሁ ከ50 ናቲካል ማይል በላይ ክሮስ ካንትሪ ወይም በሌሊት መብረር አይፈቀድላችሁም።